ዟሪው ሶፋ

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ድህነት መጥፋቱ ተበሰረልኝ። ከሁሉም ቦታ ሳይሆን ከአንድ ሰፈር፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ካለው። ያበሰረኝ የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ኃላፊው ነው። ድሮ ተማሪዬ ነበር፤ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያንቀላፋ የነበረ ልጅ፣ ዛሬ በጸሐፊ ካልሆነ አይገኝም። ስልኩ ውስጥ ድምፁ ልጁን እንደዳረ አባት ሞቅ ብሏል።

«ፕሮፌሰር፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ሰፈሩ ተሻሽሏል። የእርስዎ ጥናት ነው ያረጋገጠው። ሐሙስ እፈርማለሁ፣ የተማሪዎቹን ምሳ ለሌላ ሰፈር እናዞረዋለን።»

ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የድሃ ልጅ ምን በላ፣ የት ተኛ፣ ምን ለበሰ ስል የኖርኩ ሴት ነኝ። በሙያችን አንድ የቆየ ቀልድ አለ። አንዱ «ድህነት ቢጠፋ እኛ ምን ሠርተን እንበላለን?» ሲል፣ ሌላው «አትስጋ፣ ከእኛ ቀድሞ ጡረታ አይወጣም» ይለዋል። አሁን ግን ከእኔ ቀድሞ ሊወጣ ነው መሰለኝ። ምሳው ደግሞ የአብራኬ ክፋይ ያህል ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ለድሃ ልጆች ምሳ ይቅረብ ብዬ ከስንቱ ሹም ጋር ተጨቃጭቄ፣ «ለልጅ ምክር አይበቃውም፣ ሆዱ ይሙላ» እያልኩ ከስንቱ ስብሰባ ተቆጥቼ ወጥቼ ያመጣሁት ነው። አንድ ሰፈር ከዚህ ምሳ ከፍ ካለ፣ ምሳው ሥራውን ሠራ ማለት ነው።

አሠራራችን ቀላል ነው። ሰውን ገቢህ ስንት ነው ብለህ ብትጠይቀው ወይ ያፍራል፣ ወይ ይረሳል፣ ወይ አንተን ግብር ሰብሳቢ ያደርግሃል። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ያለውን ዕቃ እናያለን፤ አልጋ፣ ቴሌቪዥን፣ ሶፋ። ሶፋ ያለው ቤት ልጁን አያስርብም የሚል ስሌት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። እኔ በዚህ ላይ የጨመርኩት አንድ ደንብ ቢኖር ማስጠንቀቂያ ነው። የእኔ መረጃ ሰብሳቢዎች ማንም ቤት ድንገት አይገቡም፤ «ነገ እንመጣለን» ብለው ቀድመው ይናገራሉ። «የድሃ ቤት ገበያ አይደለም፣ ዘው አይባልበትም» እላቸዋለሁ። ሌሎቹ ምሁራን ጊዜ ማባከን ነው ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ አስተዳደግ ነው እላቸዋለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት እቤት ከእማዬ ጋር ተቀምጠናል። እማዬ እናቴ ናት፤ አርጅታ፣ ጆሮዋ ደክሞ፣ ምላሷ ግን እንደተሳለ አብራኝ ትኖራለች። የዶክትሬት ተማሪዬ፣ መረጃውን ያስሰበሰበው፣ ለሪፖርቱ ሽፋን እንድመርጥ የየቤቱን ፎቶ በኮምፒውተር ልኮልኛል። ይህን ልጅ ሁላችንም ኮስታራው ነው የምንለው። ሲስቅ ያየው የለም፣ ልደቱን ስናከብርለት እንኳ የታሰረ ሰው ይመስል ነበር።

የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ቡናማ ሶፋ አለ። ቀኝ እጀታው ተቀዶ በአረንጓዴ ክር ተሰፍቷል። ቆንጆ ቤት ነው ብዬ አለፍኩ። የሚቀጥለው ቤት ውስጥም ቡናማ ሶፋ አለ፣ እጀታው በአረንጓዴ ክር ተሰፍቷል። ከአንድ ሱቅ ገዝተው ይሆናል አልኩ፤ ሰው ከተማረ በኋላ ለሁሉም ነገር ምክንያት አያጣም። ቀጥሎ ያለው ላይ ግን የቤቱ እመቤት በር ላይ ቆማ ጥርሷን ታሳያለች፣ ከኋላዋ ሶፋው በጓሮ በር ግማሽ ገብቶ ግማሽ ቀርቶ ተቀርቅሯል። ከወዲያ በኩል የሚገፉት ሁለት እጆች ይታያሉ።

እማዬ መነጽሯን አስተካክላ አንገቷን አስግጋ አየች።

«ውይ! ሶፋዋ እዚህም ደረሰች?» አለች።

ተያየን፣ ሳቃችን አመለጠን። እማዬ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ እኔም ሆዴን ይዤ። ከዚያ ሐሙስ ትዝ አለኝና ሳቄ ቀጥ አለ።

እዚህ ላይ እትዬ ሶፋን ማስተዋወቅ አለብኝ። ልጅ ሳለሁ የምንኖርበት ግቢ አንድ ክፍል አንድ ክፍል የሆኑ ቤቶች የተደረደሩበት፣ ቧንቧው አንድ፣ ጭቅጭቁ ብዙ የሆነ ግቢ ነበር። የአንዷ ጎረቤታችን ባል ሆቴል ውስጥ ጥበቃ ነው። ሆቴሉ ዕቃ ሲቀይር አንድ አሮጌ ሶፋ መረቁለት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስቱ ስሟ ጠፍቶ እትዬ ሶፋ ሆነች። ሶፋዋ ግን እሷ ቤት ውላ አታውቅም። የአንዱ አለቃ ሊጎበኘው ሲመጣ፣ ለአንዷ ከሩቅ ዘመድ ሲመጣባት፣ ሶፋዋ ትሄዳለች። የግቢው ወንዶች በሩ ላይ እንዴት አዙረው እንደሚያስገቧት ዐይናቸውን ጨፍነው ያውቁ ነበር።

እኔን ጠያቂዋ ነበር የሚሉኝ፣ አፌ ስለማያርፍ። አባቴ ሞቶ፣ እናቴ ላውንደሪ ቤት ልብስ እየተኮሰች ነው የምታሳድገኝ። አንደኛ ደረጃ ስጨርስ ትምህርቱ እዚያ ላይ ይብቃት፣ ከእኔ ጋር ትተኩስ ብላ ወስና ነበር። አስተማሪዬ ይህን ሰማችና «ነገ ቤታችሁ መጥቼ እናትሽን አነጋግራለሁ» አለችኝ። እናቴ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «ምን ላይ ላስቀምጣት ነው?» አለች። ቃሉን ሳትጨርስ እትዬ ሶፋ በራችን ላይ ደርሳ ነበር፣ የሶፋውን አንድ ጫፍ አንስታ፣ እያለከለከች። ማን እንደነገራት እስከ ዛሬ አላውቅም።

እናቴ ሰው ስታናግር መሬት መሬት የምታይ ሴት ነበረች። ያን ቀን ግን ከአስተማሪዋ ጎን እኩል ተቀምጣ ዐይን ለዐይን እያየቻት አወራች። በመጨረሻም «ልጄን አስተምራታለሁ» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አልታጠፈም። ኋላ ላይ ስጠይቃት «ያንን ቃል ያናገረችኝ ሶፋዋ ናት፤ መሬት ተቀምጬ ቢሆን ከየት አመጣው ነበር?» አለችኝ። እንግዲህ የእኔ ዲግሪ ሁሉ፣ ፕሮፌሰርነቱም ጭምር፣ መነሻው ይህ ነው። አስተማሪዬ ድንገት ዘው ብላ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የማወራችሁ ካውያ ይዤ ነበር። ማስጠንቀቂያ የምትለዋን ደንቤን ያወጣሁት ለዚያች ቀን ምስጋና ነው። ያችው ደንቤ ናት እንግዲህ ለሰፈሩ ሶፋ ማዞሪያ ጊዜ የሰጠችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉሃል ይህ ነው።

ሰኞ ጠዋት ለኃላፊው ደወልኩ። ፎቶዎቹን ላክሁለት። ሲያያቸው ድምፁ ቀዘቀዘ።

«እና አታለሉን ነው የሚሉኝ? ፕሮፌሰር፣ መመሪያውን ያውቁታል። የሐሰት መረጃ የሰጠ ቤት ከየትኛውም ድጋፍ ይሰረዛል።»

«ማታለል አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እንግዳ ማክበር ነው።»

«እሱ ቁጥር አይደለም። "ወሬ ሳይሆን ማስረጃ ይዛችሁ ኑ" እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት።»

ያንቀላፋ ይመስለኝ የነበረ ልጅ ለካ ይሰማኝ ኖሯል! ቆይ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ዝም ካልኩ ልጆቹ ምሳቸውን ያጣሉ። ከተናገርኩ ደግሞ ወላጆቻቸው አታላይ ይባሉና ምሳውም ሌላውም ይቀርባቸዋል። ኮስታራው ቢሮዬ ውስጥ ቆሞ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ጥፋትህን ኋላ እንከፋፈለዋለን፣ አሁን ጫማህን እሰር» አልኩት። ከሰዓት እንደምንመጣ ለሰፈሩ ሴቶች ደውለን ነግረን ሄድን።

መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቀጭን ቅያስ ነው። የሶፋዋ ባለቤት ሆቴል ቤት ሰሃን አጣቢ ናት፣ እጆቿ በውሃ ነጥተዋል፤ እሷ ቤት ገባን። ጎረቤቷን ሳቂታ ይሏታል፤ ፎቶው ላይ በር ላይ ቆማ ጥርሷን ያሳየችው እሷ ናት። ሌሎችም ሴቶች መጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። እኔን ሶፋው ላይ አስቀመጡኝ።

«ቆንጆ ሶፋ ነው፤ የማነው?» አልኩ።

«የእኔ» አለች ባለሶፋዋ።

«እኔም አለኝ፣ ልክ እንደሱ» አለች ሳቂታ ቶሎ ብላ።

«እኔም» አለች አንዷ ከበሩ ላይ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ኮስታራው መሬት መሬት ያያል።

አረንጓዴውን ስፌት በጣቴ እየዳሰስኩ የእትዬ ሶፋን ታሪክ ነገርኳቸው። ወንዶቹ በሩ ላይ ሲያዞሯት፣ እናቴ ቀና ብላ ስታወራ፣ ሁሉንም። ሳቂታ ቀድማ ፈነዳች። «እናንተም ጋ ትቀረቀር ነበር?» አለችኝ። ከዚያማ ማን ያቁማቸው። ሶፋዋ በጓሮ በኩል እንዴት እንደዞረች፣ ቴሌቪዥኑ ሕፃን ይመስል በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እንዴት ከቤት ቤት እንደተሻገረ፣ ኮስታራው አንዱ ቤት ጥያቄውን ቶሎ ጨርሶ፣ ሶፋዋ ቀጣዩ ቤት ሳትደርስ ሊያጋልጣቸው እንደነበረ ተቀባብለው ነገሩኝ።

«እና እሱን ዝም ብለን ቆመህ ጠይቀን እንበለው?» አለች ባለሶፋዋ። «የሰው ልጅ አይደለም እንዴ?»

ያኔ የሐሙሱን ነገር ነገርኳቸው። ሶፋዋና ምሳው ይገናኛሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ባለሶፋዋ እጇን በቀሚሷ ደጋግማ ጠረገች።

«ልጄ ደህና ነገር የምትቀምሰው እዚያ ነው። እዚህ እኔ ቶሎ ካልገባሁ ሻይ ጠጥታ ነው የምትተኛ» አለች፣ እኔን ሳይሆን ጎረቤቶቿን እያየች።

ምን እንደማደርግ በትክክል አላውቅም ነበር፤ ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለውን ምዕራፍ አልጻፍኩትም። ኃላፊውን ላምጣው፣ ራሱ ይይ አልኳቸው። አታላይ ሊላችሁም ይችላል ብዬ ያለውን አደጋ አልደበቅኋቸውም። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። መጨረሻ ላይ የተናገረችው ባለሶፋዋ ናት።

«ይምጣ። እንግዳ ሆኖ ከመጣማ ቆሞ አይቀርም። ሶፋዋ እንደ ልማዷ ትዞራለች፣ አሁን ግን በፊት ለፊት በር ነው።»

ረቡዕ መጣ። ሱፍ ለብሶ፣ ሾፌሩ ፋይሉን ይዞለት፣ ፊቱን አኮሳትሮ። ባለሶፋዋ ቤት አስቀመጡት፣ ሻይ ሰጡት፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁት። ሻዩን ሲጨርስ ሳቂታ «ቀጥሎ እኔ ቤት ነው፤ ትንሽ ይነሡልን» አለችው። ተነሣ። አራት ሴቶች ሶፋዋን ብድግ አድርገው፣ ዐይኑ እያየ፣ በፊት ለፊት በር ይዘውበት ወጡ። ሰውዬው የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ላንተ መቀመጫ እየወሰዱልህ ነው» አልኩት።

ሳቂታ ቤት እዚያችው ሶፋ ላይ ተቀመጠ፣ ሌላ ሻይ ጠጣ። ከዚያ እንደገና ተነሣ። ሦስተኛው ቤት መታጠፊያ ላይ ነውና ሶፋዋ ተቀረቀረች። ሴቶቹ ቢገፉ፣ ቢጎትቱ አልሆነም። ኮስታራው በአንድ በኩል ገባ፣ አልበቃም። ኃላፊው ግራ ቀኙን አየና ኮቱን አውልቆ ለሾፌሩ ሰጠ።

«በጀርባዋ አቁሟት፣ በጎን አይደለም» አለ፣ አንዱን ጫፍ ይዞ። ከዚህ በፊት የሠራ ሰው አነጋገር ነበር፤ እኔም አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም።

ገባች። ሸሚዙ ላብ ነክቶት ሶፋዋ ላይ ዘጭ ሲል የባለሶፋዋ ልጅ ከበሩ ላይ ታየዋለች፤ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንደያዘች ከቤት ቤት ስትከተለን ነበር። ጠራት።

«እስቲ ንገሪኝ፣ እናንተ ቤት ሶፋዋ ስትሄድ አንቺ ምን ላይ ትቀመጫለሽ?»

«ጄሪካን ላይ። ደፍቼው» አለች።

«ቅድም ግን ጄሪካን አላየሁም።»

«እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር እደብቀዋለሁ።»

«ለምን ትደብቂዋለሽ?»

ልጅቱ ጥያቄው ገረማት። «እንግዳው እንዳያፍር ነዋ» አለች።

እኔ ልጅቱን አላየሁም፣ ግድግዳ ግድግዳውን ነው ያየሁት፣ ምክንያቱም በዚህ ዕድሜዬ ባለሥልጣን ፊት ማልቀስ አልፈለግሁም። ስንወጣ ኃላፊው ኮቱን ለበሰና ቅያሱ መጨረሻ ላይ ቆመ።

«ፕሮፌሰር፣ ይህን በምን ቁጥር ነው የምጽፈው?»

«ቁጥሩን እኔ አስተካክላለሁ፤ ሥራዬ ነው። አንተ ብቻ አትፈርም።»

ሐሙስ አልፈረመም። ምሳው ቀጠለ፣ አታላይ የተባለም ቤት የለም። መጠይቁ ላይም አዲስ ጥያቄ ገባ፤ እንግዳ ሲመጣባችሁ ከጎረቤት ምን ትዋሳላችሁ፣ ለጎረቤትስ ምን ታውሳላችሁ የሚል። ጥያቄውን ያረቀቀው ኮስታራው ነው፣ የዶክትሬቱም ርዕስ ሆነለት። ርዕሱ የጸደቀለት ቀን ፈገግ ብሏል ይላሉ፤ እኔ አላየሁም።

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ዩኒቨርሲቲው በአዳራሽ ሸኘኝ፣ ግድግዳ የሚያህል ሰዓትም ሰጠኝ። ጊዜ ሲተርፈኝ ሰዓት መስጠታቸው ይገርማል። እሑድ ደግሞ ወዳጅ ዘመድ እኔ ቤት ተጠራ። ቤቴ ሦስት ሶፋ አለ፣ በደመወዜ የገዛኋቸው፣ ማንም ሳይጠራጠር ከድህነት መዝገብ የሚያወጡኝ። ጠዋት ወንበር እየደረደርን ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍተው ሳቂታ ናት፣ ከኋላዋ ባለሶፋዋ፣ ከኋላቸው የእጅ ጋሪ። ጋሪው ላይ ቡናማው ሶፋ በገመድ ታስሯል።

«ዛሬ እንግዳ እንደሚበዛብሽ ሰምተን ነው» አለች ባለሶፋዋ። አንቺ አለችኝ፣ እንደ ጎረቤት።

ሶፋ አለኝ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ደግነቱ እማዬ ከውስጥ ብቅ አለች። ጋሪውን አየች፣ አረንጓዴውን ስፌት አየች፣ ከዘራዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

«ግቡ፣ ግቡ! ምን አስቆያችሁ?» አለች፣ እትዬ ሶፋን የምታናግር ያህል።

የእኔን አንዱን ሶፋ ወደ ጓሮ አውጥተን የእነሱን አስገባነው፤ በሩ ሰፊ ስለሆነ አልተቀረቀረችም፣ ሳቂታ በዚህ ትንሽ ቅር ብሏታል። እማዬ ቀድማ ተቀመጠችና አጠገቧን በእጇ መታ መታ አደረገች። ሄጄ ተቀመጥኩ። እዚያ ሆኜ እትዬ ሶፋን አመሰገንኳት። በሕይወት እያለች በወጉ አመስግኛት አላውቅም፤ ልጅ ነበርኩ፣ ሶፋ ከሰማይ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። አስተማሪዬን አመሰገንኩ። ይህችን እናቴን፣ ያንን ቃሏን አመሰገንኩ። ሰው ዕድሜ ልኩን ስለ እጦት ሲጽፍ ኖሮ በመጨረሻው እንዲህ ሞልቶለት ይቀመጣል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

እንግዳው ሁሉ ሄዶ ሴቶቹ ሲሰናበቱኝ ባለሶፋዋ ከበሩ ላይ ዞር አለች።

«ነገ ግን እንዳታስቀሪብን። ሳቂታ ቤት እንግዳ አለ።»

«እሺ» አልኳት። በማግሥቱ ማልጄ ተነሣሁ። ኮስታራውን ደውዬ ቀሰቀስኩት፣ ጋሪ ተከራየን፣ ሶፋዋን በቅያሱ ውስጥ አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን እኔ ይዘን፣ መታጠፊያው ላይ በጀርባዋ አቁመን፣ በፊት ለፊት በር አስገባናት።